ያየነውና ያሳዩን

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለ ምስክር በአገራችን ሸንጎ ዘንድ ሁልጊዜ ክብር ነበረው። ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ ግን ይህ ቃል አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ አየን ወይስ አሳዩን?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን እንዳለ አልነበረም። በሚያጣጥሩት ረሃብተኞች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ ረሃቡ ከሕዝብ መሸሸጉም እውነት ነበር። እያንዳንዱ ሥዕል ለብቻው አልዋሸም። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ፈረደ፤ ተመልካቹም ፍርዱን የራሱ አድርጎ ተቀበለው። በመድረክ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ከሠርግ ትዕይንት ቀጥሎ ቀብር ካስገባሁ አዳራሹ እንደሚያለቅስ አስቀድሜ ዐውቃለሁ። ነገር ግን የቴአትር ተመልካች ድርሰት ለማየት መምጣቱን ያውቃል፤ በዜና ሰዓት የተቀመጠ ሰው ግን ደራሲ መኖሩን ይዘነጋል።

ያ ፍርድ ከልብ የመነጨ መሆን አለመሆኑን የሚፈትን ሌላ መስከረም መጣ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ሲከበር ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ያልቁ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ድግሱን ከረሃቡ ጎን ሊያስቀምጥ የደፈረ እጅ በአገሩ ቴሌቪዥን አልተገኘም። የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ያደረሰው በጥቅምት ወር የቢቢሲ ዘገባ ነበር።

እንግዲህ ዝምታም ቅንብር ነው። የዜና አዘጋጅ ዕዳው ከባድ ቢሆንም፣ ተመልካችም ከዕዳ ነፃ አይደለም። ቁጣው በተነሣ ጊዜ «ከዚህ ሥዕል ጎን የጎደለው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ቁጣን ያበርዳል ብዬ አልሠጋም፤ ለወሎ ሙታን ቁጣ ይገባቸዋልና። ሌላው ያቀጣጠለው ቁጣ ሌላው ባሰኘው ሰዓት ይጠፋል። መርምረን የራሳችን ያደረግነው ቁጣ ግን ከ10 ዓመት በኋላ በሰልፍ ከበሮ አይተኛም።