ከስብከቱ በፊት እንጎቻው



ዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መድከም ኃጢአት ነው ወይ?

በየሳምንቱ በስልክም፣ ከአምልኮ በኋላ በር ላይም የምሰማው ጥያቄ ይኸው ነው። "ፓስተር፣ መጸለይ አቅቶኛል። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?" ይሉኛል። እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሦስት ሰዓት ተኝቶ፣ ወደ ሁለተኛው ሥራው የሚሮጥ ነው። ስልኩን ሲከፍት ከአገር ቤት የመጡ መልእክቶች ይጠብቁታል፦ የአባት መድኃኒት፣ የእህት የቤት ኪራይ፣ የአክስት ልጅ ሠርግ። እምቢ ቢል ጨካኝ ይባላል፤ እሺ ቢል ከየት ያመጣል?

እኔም ከዚህ ውጭ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ መውረድ አቃተኝ። ስብከቱ ተዘጋጅቷል፤ ኳየሩ ሲለማመድ ከውጭ ይሰማኛል። እኔ ግን መሪውን እንደያዝሁ ቀረሁ። በልቤ የነበረው ጸሎት፣ "ጌታ ሆይ፣ ሌላ ሰው ፈልግ" የሚል ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ሌላውን የሚያበረታ ሰው ራሱ ደከመኝ ሲል ያፍራል።

እስቲ ወደ 1ኛ ነገሥት 19 አብረን እንሂድ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ብቻውን ቆሞ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ያየ ሰው ነው። ከዓመታት ድርቅ በኋላ ዝናብ ሲመጣም አይቷል። ከዚያ ኤልዛቤል አንድ የዛቻ መልእክት ላከችበትና ሸሸ። እስከ ቤርሳቤህ ድረስ በትንሹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገልጋዩን እዚያ ተወው፤ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም እንዲሞት ለመነ።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ከሽንፈት በኋላ አይደለም፤ ከድል ማግስት ነው። እንግዲህ ድካሙ የእምነት ማጣት ማስረጃ ነው ብንል፣ እሳቱን ያወረደውን ጸሎት የጸለየው ማን ነበር?

እግዚአብሔርስ ምን አደረገ? ሴሚናሪ ሳለሁ ስለዚህ ምዕራፍ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ምድር መናወጡ፣ ስለ እሳቱና ስለ ዝግተኛው ድምፅ ብዙ ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት የመጣውን ምግብ ግን በአንድ መስመር አለፍሁት። ዛሬ ብጽፈው ከምግቡ እጀምር ነበር። መልአኩ ኤልያስን አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው። የቀደመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ምግቡን እንጎቻ ይለዋል። እንጎቻ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ እናት ምጣዱ ላይ ለልጇ ብላ የምትጋግራት ትንሽ እንጀራ ናት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ አሁንም አልተቆጣም። ሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ የሚጠብቀው መንገድ ለአቅሙ ብዙ መሆኑንም ራሱ መልአኩ መሰከረለት።

ወገኖች፣ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። እንቅልፍ ያጣውን ሰው "ጾም ጨምር" እንለዋለን። እንጎቻ ለሚያስፈልገው ስብከት እንሰጠዋለን። እኔም ይህን አድርጌያለሁ፤ ይቅርታ የጠየቅኋቸው ሰዎች አሉ።

ሁለተኛ ነገር ላሳያችሁ። ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ሆኖ፣ ከነቢያት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። ነገር ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሱ። አብድዩ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ እንደ ሸሸገ በገዛ አፉ ነግሮታል። ኤልያስ ሰምቷል፤ ግን ረሳው። የደከመ አእምሮ የሚያውቀውን እውነት ይረሳል። ስለዚህ በጣም በደከማችሁበት ሌሊት "ማንም የለኝም፤ ሕይወቴ ከንቱ ነው" የሚል ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው አትፍረዱ። ድካሙ የነገራችሁ ይሆናልና።

"ታዲያ ፓስተር፣ ይህ ስንፍናን ማጽደቅ አይሆንም?" የሚል ይኖራል። አይሆንም። ኤልያስ ከክትክታው ሥር እንዲኖር አልተመገበም። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ። በኮሬብም እግዚአብሔር እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው፤ ብሶቱን አስጨረሰውና ወደ ሥራው መለሰው። ሲመልሰው ግን ሸክሙን አካፈለለት። አዛሄልን፣ ኢዩን፣ ኤልሳዕን እንዲቀባ ነገረው፤ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7000 ሰዎች እንዳሉም ገለጠለት። ሁሉን ብቻህን ፈጽም አላለውም።

ይህ በተለይ ቤተሰብ ሁሉ በእናንተ ላይ ለተደገፈባችሁ ነው። መርዳት በረከት ነው፤ ወላጅን መጦርም ትእዛዝ ነው። የሁሉ አዳኝ መሆን ግን ለእናንተ አልተሰጠም፤ ያ ቦታ ባለቤት አለው። "በዚህ ወር አልችልም፣ ከወንድሞቼ ጋር እንከፋፈለው" ማለት ፍቅር ማጣት አይደለም። እውነትን በፍቅር መናገር ነው።

ወደዚያ ፓርኪንግ ልመለስ። አንዲት እናት መስኮቱን አንኳኩ። ፊቴን አዩና ስለ አገልግሎት ምንም አልጠየቁኝም። "ልጄ፣ ቁርስ ቀምሰሃል?" አሉኝ። አልቀመስሁም ነበር። ከአምልኮ በኋላ ለቡና ከያዙት ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እያለቀስሁ በላሁ፤ ከዚያም ወረድሁ። በዚያው ሳምንት ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ነገርኋቸው። ስብከቱን ተካፈልን፤ ሰኞ ሰኞ ስልኬን መዝጋት ጀመርሁ። እምነቴ በአንድ ቀን አልታደሰም፤ ግን ቀስ በቀስ መጸለይ ናፈቀኝ።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ የምታነብ ወንድሜ፣ ዛሬ ከክትክታው ሥር ከሆናችሁ ነገ ተራራ ውጡ አልላችሁም። ብሉ፣ ተኙ፣ አንድ ሰው ላይ ደውሉ። እንደ ኤልያስ ሞትን እስከ መመኘት ከደረሳችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም። ብርቱ የሆናችሁም፣ በሚቀጥለው እሑድ የደከመውን ሰው አገልግሎቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ቁርሱን ጠይቁት።

በመጨረሻም ይህን አስቡ። ኤልያስ ከጸለያቸው ጸሎቶች እግዚአብሔር በምሕረቱ እምቢ ያለው ያንን የሞት ልመና ነው። ልሙት ያለው ሰው ሞትን ሳያይ በዐውሎ ነፋስ ወደ ሰማይ ተወሰደ። ከዛፉ ሥር ሆኖ መጨረሻዬ ይህ ነው ያለው መጨረሻው አልነበረም። የእናንተም አይደለም።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።