ሱቅ ሲዘጋ አደራው የማን ነው?



ስለ መክፈት ብዙ ጊዜ እንናገራለን፤ ስለ መዝጋት ግን እምብዛም አንናገርም። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ካህን ጠርቶ ጠበል ያስረጫል፤ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ዳቦ ይቆርሳል። ሱቁን የሚዘጋ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሲመሽ ብቻውን ቆልፎ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። የአባቶችን ቅርስ እየሸጠ ይተዳደር የነበረ ትንሽ ነጋዴ ሥራውን በሚያቆምበት ጊዜ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ምን ዕዳ አለበት?

ለምሳሌ ያህል በአገራችን የኖሩትን ግሪኮች እናስታውስ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ግሪኮች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ሱቅና ሆቴል ከፍተው ነበር። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤትና ክበብ አቋቋሙ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም በአባታችን በአባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ስም ሰየሙ። በ1967 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥር 26 ቀን 72 ኩባንያዎች ተወረሱ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሱቃቸውን ትተው ከአገር ወጡ። ዛሬ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

በባዕድ አገር የሚኖር ሕዝብ የአገሩን ነገር ይናፍቃል። ስለዚህ ግሪኩ የወይራ ዘይትና ሥዕለ ቅዱሳን፣ የእኛው ስደተኛ ደግሞ ነጠላ፣ መሶብና ጀበና የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ በየአገሩ ይከፍታል፤ በዘመናችንም ሱቁ በኢንተርኔት ሆኖአል። እነዚህም ሱቆች ይዘጋሉ። ገዢ ይጠፋል፤ የፖስታው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ ባለቤቱ ያረጃል፤ ልጆቹም ሥራውን አይፈልጉትም።

በእኛም አካባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ጋሸናና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ጎብኚ ይመላለስበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። በላሊበላ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ለጎብኚ መስቀል፣ ጥልፍና ስፌት ይሸጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘግተዋል። አንድ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር በገጠር ያለው ሸማኔና ሰፌድ የምትሰፋው እናት ገበያ ያጣሉ።

እንግዲህ ሱቅን መዝጋት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ትርፍ የአንድ ሥራ ደኅንነት ምልክት ቢሆንም ብቸኛው መለኪያ እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ ሒሳቡ የተስተካከለ መስሎ የሠራተኞቹ ክብር የተዋረደበት ሥራ ሊኖር ይችላልና። የማያዋጣውን ሥራ በወቅቱ ማቆም እንግዲህ አስተዋይነት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ኃጢአቱ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ብዙ ነጋዴ ይሉኝታ ይዞት፣ «ከሰረ እንዳይሉኝ» በማለት፣ እንደማይከፍል እያወቀ ከጎረቤቱ ይበደራል። ሱቁ በሰው ገንዘብ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በመጨረሻም ከአንዱ ጋር ሌሎች ቤቶች አብረው ይወድቃሉ።

በአዋጅ በአንድ ቀን ሱቁ የተወሰደበት ሰው ሒሳቡን ለማጥራት ጊዜ አላገኘም። በገዛ ፈቃዱ የሚዘጋ ሰው ግን ጊዜ አለው፤ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ግዴታ አለበት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው መጋቢ የመጋቢነቱን ሒሳብ እንዲያስረክብ እንደ ተጠየቀ፣ ነጋዴም ለሦስት ወገኖች መልስ መስጠት ይገባዋል።

አንደኛ፣ ለሠሩለት። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮህ ይናገራል። ስለዚህ ከዕቃው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ አስቀድሞ ለሸማኔውና ለሰፊዋ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ቀብድ ለሰጡት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2410 ቃል ኪዳንና ውል በጥብቅ ሊጠበቁ እንደሚገባ ያስተምራል። ገዢው ማዶ ያለ፣ ፊቱን ያላየነው ሰው ቢሆንም ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ርቀት ዕዳን አይሰርዝም።

ሦስተኛው ዕዳ ለአባቶችና ለሚመጣው ትውልድ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ወደ ሳጥኑ ይመለከታል፤ አሮጌ ብራና ወይም አሮጌ መስቀል ያገኛል፤ በስውር የሚገዛ ደላላም አይጠፋም። አዲስ የተሸመነ ነጠላ እንዲሸጥ የተሠራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ብራና ግን የነጋዴው አይደለምና ሊሸጠው አይችልም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ እንኳ አልሸጠም (1ኛ ነገ 21)።

«ልጆቼ ተርበው፣ ብራናውም የአያቴ የግል ንብረት ቢሆንስ?» የሚል ሰው ቢኖር በችኮላ ልንፈርድበት አይገባም፤ ጥያቄው ከባድ ነውና። የምንመክረው ግን ለስውር ደላላ ሳይሆን፣ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አስታውቆ፣ በአገር ውስጥ ሊነበብና ሊጠበቅ ወደሚችልበት ቦታ እንዲያስተላልፈው ነው። ከዚህም በፊት እኛ ራሳችንን እንጠይቅ። አበዳሪው ጥቂት ወራት ቢታገሠው፣ ዕቁብተኛው ዕጣውን ቢለቅለት፣ ቁምስናው ለልጆቹ እህል ቢሰፍርለት ኖሮ፣ ወደ ሳጥኑ ይመለከት ነበርን? የአያቱን ብራና ከሸጠው ሰው ጋር፣ ሲቸገር እያየን ዝም ያልን ሁላችን ድርሻ አለን።

«ሱቁ ከተዘጋ ቅርሱ ይጠፋል» ብሎ የሚሠጋም አይጠፋም። በአዱሊስ ወደብ በግሪክኛ ይነግዱ የነበሩት ካለፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖአል። ነገር ግን በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ «ኪርያላይሶን» እንላለን፤ ቃሉ ግሪክኛ ነው። ወንጌል፣ ዲያቆንና ጠረጴዛም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። በጋይንትም ድጓ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፉ የኖሩት ያለ ሱቅ ነው። ቅርስ የሚኖረው በሚጸልይበት፣ በሚለብሰውና በሚያስተምረው ሰው ዘንድ ነው፤ ሱቁ አገልጋዩ ነበር። ስለዚህ ለቅርስ ሲባል ሰውን መበደል አያስፈልግም።

የተወደዳችሁ መምህራን! በቁምስናችሁ ሱቁን የሚዘጋ ሰው ስትሰሙ በቀን ሂዱ፤ ሰው እያየ ከደጁ ተቀመጡ። ደብተሩን አብራችሁት ተመልከቱ፤ ማን ስንት እንዳለው ለይቶ እንዲጽፍ እርዱት፤ አበዳሪዎቹንም አማልዱ። ሲከፍት ጠበል የረጨንለት ሰው ሲዘጋም ጸሎታችን አይለየው። ዕዳውን ከፍሎ የቆለፈ ሰው ነገ በገበያ መካከል አንገቱን ሳይደፋ ይሄዳል።

ስብሐት ለእግዚአብሔር።