ለክርስትና ልጄ

ልጄ፣ አብሽር። ከተመለስክ ወዲህ መርሳ ገበያ አልወጣህም፤ ለቅሶ እንኳ ሲደረስ ከቤት ቀረህ። ሰው ፊት መቆም እንደከበደህ እናትህ ነግራኛለች። በሬ ተሽጦ ለደላላ ተከፍሎ፣ አፋርን አቋርጠህ የጅቡቲው ወደብ ኦቦክ ከደረስክ በኋላ ባሕር በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሳትወጣ መመለስህ ነው ያሳፈረህ። ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ መንደሩ የሚለውን እኔም ሰምቻለሁ። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን አንተ ራስህ ያነሣኸው ምሳር ነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

“ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” የሚለውን ተረት፣ አባቶች ቢተርቱትም፣ እኔ አልወደውም። ከወረዳችን ከሀብሩ ስንቱን ወጣት በረሃ ያስገባው ይኸው ነው። ወንድ ልጅ በላከው ብርና ባሠራው ቆርቆሮ ቤት ይመዘን ጀመር። በአርባ ቀንህ ክርስትና ስትነሣ ምን ነበረህ? ጥርስ እንኳ አላበቀልክም። ሆኖም ስም ወጣልህ፣ ማዕተብ ታሰረልህ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀበልክ። ከካህኑ እጅ የተቀበልኩህ እኔ ነኝና አውቃለሁ። ክርስቶስ በደሙ የከፈለልህ ዋጋ ያን ቀን ሙሉ ነበር፤ ከኦቦክ ስትመለስም አልጎደለም።

ወንጌላዊው ማርቆስም ከመንገድ የተመለሰ ልጅ ነበር። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ፣ ጴርጌን ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ኋላ በርናባስ እንደገና እንውሰደው ቢል ጳውሎስ እምቢ አለ፤ በዚሁ ተከራክረው ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ። መርከቡ ላይ ምን እንደመከረው አልተጻፈም። ብዙ የተናገረው አይመስለኝም፤ አብሮት መሄዱ ይበቃው ነበር። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ራሱ፣ ታስሮ ሳለ፣ ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ወደ ጢሞቴዎስ ጻፈ። የእስክንድርያ መንበር የዚያ ልጅ መንበር ነው። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት እስከተሾመልን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ሲላክልን የኖረው ከዚያ ነው። በርናባስ ተስፋ ቆርጦበት ቢሆን ኖሮስ?

ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታገኛለህ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር የተማሩት እዚያ ነው። ኢየሱስ ሞዓም በደብረ ዳሞ የአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ጻድቃኑ አባት ሳይዙ ካልቆሙ አንተ ብቻህን ቤት ዘግተህ እንዴት ትችለዋለህ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትህ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ደጅ ድረስ አደርስህና እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ። ያረፍክበትን፣ ያደረግኸውን፣ በዚያ በረሃ ያየኸውን ሁሉ አውጣው። ቀኖና ቢሰጡህ ቅጣት አድርገህ አትየው፤ ልጃቸው ስለሆንክ ነው።

የበሬውን ነገር ከአባትህ ጋር ጨርሰናል። ለዘንድሮ ክረምት የእኔን በሬ ከቀሪው በሬያችሁ ጋር እናቀናጃለን፤ እርፉን የምትጨብጠው አንተ ነህ።

አንድ ነገር ግን ለእሑድ አይደር። ታናሽ ወንድምህ ከደላላ ጋር መነጋገር ጀምሯል። እኔን አይሰማኝም፤ መንገዱን አላውቀውማ። አንተ ታውቀዋለህ። ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥና ሁሉንም ንገረው፣ ያፈርክበትንም ጭምር።