ፍርሃት ጨዋታ የሚሆነው እስከ የት ነው?

አማርኛ የምድጃ ዳሩን ወግም ሆነ የሜዳውን ውድድር በአንድ ቃል «ጨዋታ» ይለዋል። ይህ የቃል ድህነት አይደለም። ሁለቱም ሰው በፈቃዱ የሚገባባቸው፣ ሲያበቁም በሰላም የሚወጣባቸው ዓለሞች ናቸውና።

በሰሜን ሸዋ የሁለቱም ወራት ይቀራረባል። መስቀል አልፎ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ሲወርድ፣ ሌሊቱም ሲረዝም፣ ቤተሰቡ እሳት ይከባል። በአንኮበር ገደላ ገደል የጅብ ጩኸት እየተሰማ ስለ አያ ጅቦና ስለ ጭራቅ የሚነገር ተረት ማብራሪያ አያሻውም። ልጁ ይፈራል፤ ፈርቶም ይደገምልኝ ይላል። ይህን ፍርሃት ከኋላ ቀርነት ቈጥሮ ከልጆች ማራቅ የሚሻ አስተማሪ አይጠፋም፤ ፍርዱ ግን ችኩል ነው። ተረት ነጋሪዋ ስትጨርስ ተረቷን እንዲመልሱላት፣ አፏንም በዳቦ እንዲያብሱላት ትጠይቃለች። ተረቱ ብድር ነው ማለት ነው። ጭራቁ ከብድሩ ጋር ይመለሳል፤ ልጁ ዘንድ የሚቀረው ፍርሃቱን የቻለበት ድፍረት ብቻ ነው።

የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ ሲያልቅ ሩሯ በቈልማማ በትር ስትለጋ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ በግጥም የሰደበ አይከሰስም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ባላንጣው ተመልሶ ጎረቤት ይሆናል።

ሆኖም በዚያው ምድጃ ዳር የሚነገር፣ መመለሻ የሌለው ሌላ ወግ አለ። የዚህኛው ጅብ ስምና ቤት አለው፤ ቀን ማረሻ ይሠራል፤ ሚስቱም ጀበናና ምጣድ ትሠራለች። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል የተባለው «ቡዳ» ይህ ባለ እጅ ነው። ከ1830ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሸዋ የተቀመጠው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በአንኮበር አካባቢ የሚኖሩ «ጠቢባን» የተባሉ ባለ እጆችን ሕዝቡ እንደ አስማተኛ ይፈራቸው እንደነበር ጽፏል። ስሙ ራሱ የሚያሳዝን ታሪክ አለው፤ ጥበብን የሚያመለክተው «ጠቢብ» በአፍ ሲንከባለል «ጠይብ» ሆኖ ስድብ ወጣው። አንኮበርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ግን አደባባይን እንጂ ምድጃ ዳርን አያዝዝም።

ወገኛው ሲጠየቅ «ለጨዋታ ነው» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ለእርሱ ጨዋታ ነው። በወጉ ውስጥ ሳይጠየቅ የገባው አንጥረኛ ግን መውጫ የለውም። በገና ሜዳ የተመታ ሰው በትር በእጁ ነበረ፤ አንጥረኛው በዚያ ምድጃ ዳር አልተቀመጠም፤ መልስም አልተፈቀደለትም።

እውነቱን ለመናገር፣ በኪነ ጥበብ ሚዛን የቡዳው ወግ ከጭራቁ ተረት ይበልጣል። ጭራቁ ልጅን ያስፈራል፤ የቡዳው ወግ አዋቂን ያንቀጠቅጣል፤ ምክንያቱም ሰሚው ነገ በገበያ የሚያገኘውን ሰው ፊት ያሳየዋል። የደራሲ ፈተና እዚህ ላይ ነው። በመድረክ ላይ ጅቡን ያስነሣ ተውኔት ጸሐፊ የአንጥረኛ ወናፍ ከአጠገቡ ቢያኖር አዳራሹ በእርግጥ ጸጥ ይላል፤ ጭብጨባውም ይደምቃል። ተመልካቹ ግን ወጥቶ ሲሄድ ፍርሃቱን ለማንም አይመልስም፤ ከወናፉ ባለቤት ደጃፍ ያደርሰዋል። ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ በማግሥቱ ወደዚያው ደጃፍ ይሄዳል፤ ሚስቱም በገበያ ጀበናውን መርጣ ሒሳቡን እስክትከፍል ድረስ ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች።