ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ ወላጆች ጥድፊያ

ዘር የዘራ አዝመራውን፥ ተክል የተከለ ፍሬውን ለማየት እንደሚጓጓ፥ ልጅ የወለደም ልጁ ዐዋቂና የተከበረ ሰው ሆኖ ለማየት ይጓጓል። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልካም ምኞትም ልክ ሲያጣ የተመኙለትን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ በዘመናችን በከተማ የሚያድጉ ሕፃናት ጊዜያቸው በምን እንደሚያልፍ መመርመር ይገባናል።

በአዲስ አበባ ኑሮው የተሻለለት ቤተ ሰብ ለልጁ የሚያወጣውን የሳምንት መርሐ ግብር እንመልከት። ሕፃኑ በማለዳ ተቀስቅሶ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሲመለስ የቤት ሥራ ይጠብቀዋል፤ የቤት ሥራውን ሲጨርስ አስጠኚ ይመጣል፤ ቅዳሜ የቋንቋ፥ የዋና፥ የፒያኖ ወይም የቴኳንዶ ትምህርት አለው፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ሌላ ይጨመርለታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው በመኪና ሲያመላልሱ ሰንበታቸው የሚያልቅባቸው ብዙዎች ናቸው። በመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ብትተርፍ፥ ልጁ እንዳይሰለቸው ተብሎ ስልክ ይሰጠዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ «ምን ልሥራ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ሰዓት የትኛው ነው?

ወላጆቻችን በልጅነታቸው መጫወቻ የሚገዛላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ጨርቅ ጠቅልለው ኳስ ይሠሩ ነበር፤ መሬት ቈፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወቱ ነበር፤ ገና ሲቃረብ ጫፉ የቈለመመ እንጨት ከዱር መርጠው ይቈርጡ ነበር፤ መሬት ላይ መሥመር አስምረው ሰኞ ማክሰኞ ይዘሉ፥ በጭቃና በቅጠልም የዕቃ ዕቃ ጎጆ ያቆሙ ነበር። በእነዚህ ጨዋታዎች ሕግ አውጪዎቹም፥ ተከራካሪዎቹም፥ ዳኞቹም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የተጣላ ልጅ ካልታረቀ ጨዋታው ይቀርበታልና ይቅርታን ሳይሰበክለት ይማራል። አሠልጣኝ ፊሽካ እየነፋ በሚመራው ጨዋታ ግን፥ ምንም እንኳ ለሰውነት ቢጠቅም፥ ፍርዱ ሁሉ የአሠልጣኙ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። እውነት ነው፥ አይበቃም። ዳሩ ግን ሕፃኗ ጭቃ የምታቦካው ለራት አይደለም፤ እጇ ማቡካትን፥ ልቧም ማሰብን እንዲለምድ ነው። የሕፃንን ሥራ በራት መስፈሪያ የሚሰፍር ሰው የሥራውን ፍሬ ሳያይ ይቀራል።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክም ይህን ያስረዳናል። ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት ቢከብደው መምህሩ ጌዴዎን ቀጣው፤ እርሱም ሸሽቶ ሄደ። በመንገድም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር፥ ደጋግማም ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ስትወጣ አየ። ከዚያም በልቡ አስቦ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ያን ትምህርት የሰጠው በትር አልነበረም፤ ብቻውን ተቀምጦ የተመለከተባት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ሌላ አስጠኚ ሲጠብቀው ቢሆን ኖሮ ትሏን ማን ያያት ነበር?

የቅኔ ቤትም ሥርዓት እንዲሁ ነው። መምህሩ መንገዱን ካሳየ በኋላ ተማሪው ወደ ዱር ወይም ጭር ወዳለ ስፍራ ሄዶ ብቻውን ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። መምህሩ በአጠገቡ ቆሞ ቃል ቢያቀብለው ኖሮ፥ ተማሪው ቅኔ ሰሚ እንጂ ባለቅኔ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ልጅ «ሰለቸኝ» ባለ ጊዜ ወላጅ ሊደነግጥ አይገባም። ረኃብ ሰውን ምግብ ለመፈለግ እንደሚያነሣሣው፥ መሰልቸትም አሳብን ያነሣሣል። ረኃቡን ወዲያው በስልክ ብናስታግሰው ግን አሳብ ሳይወለድ ይቀራል። ከራሱ ጋር መቀመጥን ያልለመደ ልጅም ባደገ ጊዜ ዝምታን ይፈራል፤ ኀዘን ሲያገኘው፥ ሥራ ሲያጣ፥ ሌሊቱ ሲረዝምበት፥ የሚያስረሳውን ነገር ከውጭ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያቀርቡለትም መጠጥና ጫት ሻጮች ሞልተዋል። ለጸሎትም ቢቆም ልቡ አይቆምለትም።

አንዳንዶች «ይህ ሥራ ፈትነትን ማስተማር አይደለምን?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ሥራ ፈት የሚባለው የሚገባውን ሥራ የተወ ነው፤ የሕፃን አንዱ ተገቢ ሥራ ደግሞ ጨዋታ ነው። የሙሴ ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ሲደነግግ ለአባወራው ብቻ አልሰጠም፤ ወንድ ልጁንና ሴት ልጁንም ለይቶ ጠቅሷል። በ1982 ዓ.ም. የወጣው፥ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና ጨዋታን የሕፃን መብት አድርጎ ይቈጥራል። ከብት ሲጠብቁ፥ ውሃና እንጨት ሲሸከሙ ለሚውሉት የገጠር ሕፃናት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ትምህርትም ጨዋታም ይጎድላቸዋል። የከተማው ልጅ ከመጠን በላይ ከተሰጠው ነገር ይረፍ ስንል የእነርሱን ጒድለት መርሳት አይገባንም።

ደግሞም ልጅን ለራሱ መተው መጣል አይደለም። መኪና በሚበዛበት መንገድ ሕፃንን ያለ ጠባቂ መልቀቅ ቸልተኝነት ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጎረቤቶች ግን ተስማምተው ተራ ቢገቡ፥ አንዱ ከግቢው ጥግ ተቀምጦ የሁሉንም ልጆች ሊጠብቅ ይችላል። ጠባቂው ዐይን ይሁን እንጂ አዛዥ አይሁን፤ ልጆቹ ሲከራከሩ እስኪስማሙ ይታገሥ፤ ጒዳት የሚያደርስ ነገር ሲያይ ብቻ ይግባ። በየሳምንቱም ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርትም ከስልክም ነጻ ሆና ለልጁ ትሰጠው። ወላጁም በዚያች ጊዜ የራሱን ስልክ ያስቀምጥ፤ ልጅ የሚሰማውን ሳይሆን የሚያየውን ይከተላልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወላጅ ልቡን ይመርምር። ይህን ሁሉ ትምህርት የምናበዛው በእውነት ለልጁ ጥቅም ነውን? ወይስ ከጎረቤት ልጅ አንሶ እንዳያሳፍረን ነው? ልጅ አደራ ነው እንጂ የክብራችን ማሳያ አይደለም። አደራ የተቀበለ ሰው ጠብቆ ያሳድጋል፤ ሰዓቱን ሁሉ ግን የራሱ አያደርግም።