ሠርግና ዝናብ፦ የግል ደስታ በጋራ ጸሎት ፊት

ጋብቻ ሁለት ሰዎች የሚገቡት ኪዳን ቢሆንም በሕዝብ ፊት የሚፈጸም በመሆኑ የግል ደስታ ከጋራ ኑሮ ጋር የሚገናኝበት ሥርዓት ነው። ይህ ግንኙነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥርዓቶች አንዱ በእስራኤል አገር በመጸው ወራት ከቤት ውጭ የሚደረገው የአይሁድ ሠርግ ነው። በኢትዮጵያ መጸው ዝናቡ የሚያበቃበት ወቅት ሲሆን በእስራኤል ግን ረጅሙ ደረቅ ወራት አልፎ ዝናብ የሚጀምርበት በመሆኑ፣ ሙሽሮች ሰማዩ ጠርቶ እንዲውልላቸው በሚመኙበት በዚያው ሰሞን ሕዝቡ በየዕለቱ ዝናብን ይለምናል። ታዲያ ሰው ለራሱ የደስታ ቀን ሲል ለሌላው እንጀራ የሆነው ዝናብ እንዲዘገይ ፈጣሪውን ሊለምን ይገባዋልን?

ሙሽሮቹ የሚቆሙበት ሁፓ በአራት ቋሚዎች ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በክራኮው ከተማ የኖሩት ሊቅ ረቢ ሞሼ ኢሰርለስ ይህ ጥላ ከሰማይ በታች እንዲተከል የሚደረገው፣ ለአብርሃም በተሰጠው ተስፋ መሠረት የተጋቢዎቹ ዘር እንደ ከዋክብት እንዲበዛ በጎ ምልክት ይሆን ዘንድ መሆኑን ጽፈዋል። ይሁን እንጂ በመጸው ወራት ማንኛውም ቀን ለሠርግ አይመረጥም፤ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተጠናቀረው የቃል ሕግ ስብስብ፣ ማለትም ሚሽና፣ በበዓላት መካከለኛ ቀናት ማግባትን ስለሚከለክል፣ ቲሽሪ በተባለው ወር በ15ኛው ቀን የሚጀምረው የዳስ በዓል ከገባ እስኪፈጸም ድረስ ሠርግ አይደገስም። ከበዓሉ በኋላ የሚመጣው ሔሽቫን የተባለው ወር ደግሞ የዝናብ ልመና የሚጀመርበት ወር ነው።

ሕጉ ስለዚህ ልመና የሚሰጠው ትምህርት ለጥያቄው መልስ መንገድ ይከፍታል። በእስራኤል አገር ዝናብን የሚለምነው ቃል በዕለታዊው ጸሎት ውስጥ የሚገባው በሔሽቫን 7ኛው ቀን፣ በዓሉ ካለፈ ከ15 ቀናት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በኢየሩሳሌም በዓሉን አክብሮ ወደ ምሥራቅ ይመለስ የነበረው የመጨረሻው መንገደኛ ዝናብ ሳይዘው ኤፍራጥስ ወንዝ እንዲደርስ ታስቦ ነው። ገበሬው ዘሩን ይዞ ደረቁን መሬት እያየ፣ ሕዝቡ ሁሉ ስለ አንድ መንገደኛ ልመናውን ያዘገያል ማለት ነው።

የሚሽና ሰፊ ማብራሪያ የሆነው ታልሙድ ግን ሌላውንም ወገን ያሳያል። ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን ከቅድስተ ቅዱሳን ሲወጣ፣ ውጭ የሚጠብቀው ሕዝብ እንዳይሰጋ አሳጥሮ በሚያቀርበው ጸሎት፣ ዓለም ዝናብ በሚያስፈልገው ጊዜ መንገደኞች ስለ ዝናብ የሚያቀርቡት ልመና እንዳይሰማ ይለምን ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገሊላ ስለኖረው ጻድቅ ስለ ሐኒና ቤን ዶሳ ደግሞ የሚከተለው ይተረካል፤ በመንገድ ዝናብ ሲይዘው ዓለም ሁሉ ተመችቶት እርሱ ብቻ መቸገሩን ለፈጣሪው ተናገረ፣ ዝናቡም ቆመ፤ ቤቱ በደረሰ ጊዜ ግን ዓለም ተቸግሮ እርሱ ብቻ መመቸቱን ተናገረ፣ ዝናቡም ተመልሶ መጣ።

እነዚህ ትምህርቶች ሲገናዘቡ አንድ ሥርዓት ይወጣል። ለመንገደኛው ሲባል ልመናውን ያዘገየው ሕዝቡ ራሱ ስለሆነ ምሕረቱ ከብዙዎች ወደ አንዱ የሚሰጥ ስጦታ እንጂ አንዱ ከብዙዎች የሚጠይቀው መብት አይደለም፤ ስጦታውም ቢሆን በቀን የተወሰነ ነው። ሐኒናም ቢሆን ለራሱ የለመነውን ቤቱ እንደ ደረሰ መልሷል። ስለዚህ ሙሽሮች የጠራ ቀን መለመናቸው ነውር ባይሆንም፣ ልመናቸው ወሰን ያለውና የሌላውን ችግር የማይረሳ ሊሆን ይገባል።

የሁለት ሰዎች ጸሎት ደመናን ስለማያንቀሳቅስ ጉዳት የለውም የሚል ቢኖር፣ ጸሎት ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምነውን ሰው ልብ እንደሚቀርጽ ማስተዋል አለበት፤ ገበሬውን በጸሎቱ የዘነጋ ሰው በማዕዱም ይዘነጋዋል። ደግሞም ጋብቻው የሚጸናው በቀለበቱ፣ ከቱባ በተባለው የጋብቻ ውል፣ በሁለት ምስክሮችና በ10 ሰዎች ጉባኤ በሚደርሱት ሰባት ምርቃቶች በመሆኑ፣ ዝናብ ቢጥል ከእነዚህ አንዱም አይፈርስም።

ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት የሄዱት የስግድ በዓልም ይህንኑ ያጸናል። ከስርየት ቀን አንሥቶ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29፣ ሕዝቡ ጾሞ ወደ ከፍታ ስፍራ ይወጣል፤ ቄሶቹም ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ከፈጣሪው ጋር የገባው ኪዳንም ከሰማይ በታች ይታደሳል። የእስራኤል ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በሕግ ያጸደቀው ይህ በዓል ኪዳን የሚከበረው በጠራ ሰማይ ሳይሆን በሕዝብ መሰብሰብ መሆኑን ያስተምራል።

እንግዲህ በመጸው ከሰማይ በታች የሚጋቡ ሁሉ የጠራ ቀን ይለምኑ፤ ልመናቸው ግን ከሕዝቡ ልመና በኋላ ይሁን። ዝናቡም ከመጣ እንግዶቻቸውን ያስጠልሉ፤ ስለ ገበሬውም ያመስግኑ፤ ጎረቤት የሚጠግብበትን ዝናብ በምስጋና የተቀበለ ቤት ትዳሩን በመልካም መሠረት ላይ ጀምሯልና።