ደጅና ጓሮ

የሰው ልጅ ጎጆውን ቀልሶ ግቢውን ሲያጥር ምድሪቱን ከሁለት ይከፍላታል፤ አንደኛው ደጅ ይባላል፣ ሁለተኛው ጓሮ። ደጅ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ የሚታዩበትና የሚከበሩበት ሥፍራ ነው። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገርም ሆነ «ደጃዝማች» የሚለው ጥንታዊ ማዕረግ ደጅ ምን ያህል የክብር ቦታ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ጓሮ በአንጻሩ ጎመኑ፣ ቃሪያውና ጌሾው የሚበቅልበት፣ አመዱና እጣቢው የሚደፋበት ነው። ቤቱን የሚያኖረው አብዛኛው ነገር ከዚያ ቢወጣም እንግዳ ዓይኑን እንዲጥልበት አይፈለግም። በከተማም ይኸው ልማድ ቀጥሎ ጽጌረዳ ለደጅ፣ ጎመን ለጓሮ ተብሎ ተመድቧል።

ታዲያ ይህን ወሰን ጥሶ ጎመንን ከጽጌረዳ ጎን በደጁ የተከለ ሰው ምን አደረገ ይባላል? የደጁን ክብር አጎደለ ወይስ ጓሮውን አከበረ? ነገሩ የአትክልተኛ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ በመሠረቱ ስለ ውበትና ስለ ጥቅም፣ ከዚያም አልፎ ስለ ፍትሕ የሚነሣ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ከወልድያ ተነሥቶ ቆቦን አልፎ ወደ አላማጣ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዋጃ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸች ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ደጋው የሚወጣው ገደላማ ምድር ያቀፉት ይህ ሜዳ ደጋለትና ጅጉርቲን የመሰሉ የማሽላ ዘሮች አገር ነው። አፈሩ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ እርሻን ማጠጣት የራያ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ የሆነውም ስለዚሁ ነው። ከቅርብ አሠርት ዓመታት ወዲህ በቆቦና በአካባቢው ሜዳ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ሆኖም ውኃው እርሻ ደረሰ ማለት የየቤቱ ደጅ ረጠበ ማለት አይደለም። እንዲህ ባለ ሞቃት አገር በደጅ የታየ ለምለም ቅጠል ሁሉ፣ ጽጌረዳም ይሁን ቆስጣ፣ አንድ ሰው ተሸክሞ ያመጣው ውኃ ነው።

የዚህ አገር ሰው ረኃብን ከመጽሐፍ አላወቀውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የወረደው ረኃብ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ለዘውዳዊው ሥርዓት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆኗል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም የታየው እልቂት የዓለምን ሕዝብ አስለቅሷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ ሜዳ ሲመላለስ ገበሬው ከእርሻው፣ ነጋዴው ከገበያው ተለያይቷል። እንግዲህ አንድ ወቃሽ ተነሥቶ፣ «ማሽላ ባረረበት ምድር አበባ ማጠጣት ግፍ ነው» ቢል ንግግሩ በቀላሉ የሚጣል አይሆንም። ከአንድ እንስራ ውኃ ግማሹ ለማይበላ ነገር ሲፈስ የሚያይ ረኃብን ያሳለፈ ሽማግሌ ልቡ ቢቆስል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ወቃሽ መልስ የሚሰጠው ራሱ የራያ ሕዝብ ነው። በየዓመቱ በነሐሴ አጋማሽ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን ሲጫወቱ ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው ይወጣሉ። ሣሩ አይበላም፤ አይሸጥም። ወሩም የአብዛኛው ገበሬ ጎተራ የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት ወር ነው። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጤማም ሆድ አይሞላም። ያንን ሁሉ ክፉ ዘመን ያሳለፈ ሕዝብ ከእነዚህ ልማዶች አንዱንም አልጣለም። ከዚህ የምንረዳው ውበት የጠገበ ሰው ቅንጦት ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰው እንጀራ ሲያጣ ይሞታል፤ ከእንጀራ በቀር ሌላ የሚፈልገው ነገር እንደሌለ ሲቆጠር ደግሞ ሰውነቱ ይዋረዳል። ለተራበ ሰው አበባ አያስፈልገውም የሚል ርኅራኄ ሳያውቀው ሰውዬውን ከሆዱ አሳንሶ ያየዋል።

ፈላስፎችም በዚህ ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል። ዜኖፎን እንዳቆየው፣ ሶቅራጥስ ለሥራው በሚገባ የተበጀ የፍግ ቅርጫት ውብ፣ ለሥራው የማይሆን የወርቅ ጋሻም አስቀያሚ ሊባል እንደሚችል ይሟገት ነበር። ጀርመናዊው ካንት ግን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የሥነ ውበት ሒሱ አበባን የነጻ ውበት ምሳሌ አድርጎ፣ ስለ ውበት የሚሰጥ ንጹሕ ፍርድ ከጥቅም ፍላጎት የጸዳ ሊሆን ይገባል አለ። ሩሲያዊው ቼርኒሼቭስኪ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1855 ባቀረበው ጽሑፍ ውበትን ከሕይወት ነጥሎ ማየት እንደማይቻል፣ የባላገሩና የባለጸጋው የውበት ዓይን ከየአኗኗራቸው እንደሚመነጭ አስረዳ። ሦስቱም አንዳንድ እውነት ይዘዋል። ሆኖም ውብ የተባለውን ነገር ለማቆም ዋጋውን የከፈለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም አይነሣም።

ዕፅዋት ራሳቸው የደጅንና የጓሮን ወሰን አያውቁም። በወሎ ኮባ የሚባለው የእንሰት ተክል ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ይቆረጣል፤ በጉራጌና በሲዳማ ግን ቆጮ ሆኖ ሚሊዮኖችን ይመግባል። ይኸው ተክል በአውሮፓ ለትልልቅ ቅጠሎቹ ውበት ብቻ እየተሸጠ በግቢ ይተከላል። ቲማቲምም ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ በገባ ጊዜ መርዝ ነው ተብሎ ተፈርቶ በብዙ ቦታ ለዓይን ብቻ ይተከል ነበር። ስለዚህ የሚበላውን ከሚታየው የለየው የሰው ልማድ እንጂ የተክሉ ባሕርይ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ የተነገረላቸው የገነት ዛፎች እንኳ ለማየት ደስ የሚያሰኙም ለመብላት መልካምም እንደነበሩ ተገልጿል።

ለዚህ ሁሉ ከራያ ምድር የተገኘው ከባዱ ትምህርት ግን የበለስ ታሪክ ነው። እሾሃማው ቁልቋል በለስ መነሻው ከአሜሪካ ምድር ቢሆንም በራያና በትግራይ ከከረመ ቆይቷል። አጥር ሆኖ ግቢ ይጠብቃል፤ በክረምት፣ እህል በሚያልቅበት ወራት፣ ፍሬው ድሀውን ያሻግራል። ከጓሮም ከደጅም ሳይቆጠር፣ በአጥር ላይ ቆሞ የግቢውን ባለቤትም አላፊ አግዳሚውንም የመገበ ተክል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ወደ ራያ እንዲገባ ተደረገ። ነፍሳቱ በቁልቋል ላይ እየኖረ እጅግ የሚያምር ቀይ ቀለም የሚገኝበት ነው። ቀለሙ ምግብና የውበት መቀቢያ የሚያቀላ፣ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው። ዳሩ ግን ነፍሳቱ ከተወሰነለት ቦታ አልፎ ተዛመተና በደቡብ ትግራይ፣ በኋላም በቆቦ በኩል ብዙ የበለስ ተክል አደረቀ። በሩቅ አገር ለሚታይ ቅላት በቅርብ ያለው ልጅ የክረምት ምግቡን አጣ።

በደሉ የቀይ ቀለም አይደለም። የውበቱ ዋጋ ላልተጠየቀ፣ ከትርፉም ድርሻ ለሌለው ሰው መጫኑ ነው። የደጅ አትክልትም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ውኃ የምትቀዳው ልጅ ትምህርቷን ትታ የምታጠጣው ጽጌረዳ፣ የቱንም ያህል ቢያብብ፣ በበለሱ ላይ ከደረሰው ግፍ የራቀ አይሆንም። በእርሷ ድካም የበቀለ ጎመንም ቢሆን እርሷ ካልበላችው ከዚያው ይቆጠራል። በአንጻሩ የቤቱ ሰዎች ሸክሙን ተካፍለው፣ የእቃ እጣቢውን ሳይደፉ ከሥሩ እያፈሰሱ ያሳደጉት አበባ ማንንም አይበድልም። የሚጠየቀው ተክሉ ይበላል ወይስ አይበላም አይደለም፤ ማን ደከመበት፣ ማንስ ደስ ተሰኘበት ነው።

ከዚህም ሁለተኛ ግዴታ ይከተላል። ጓሮ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ደጅ ግን በከፊል የመንገደኛው ነው። ጽጌረዳን በደጁ የተከለ ሰው ለአላፊው መዓዛውን በነጻ ይሰጣል፤ በመስጠቱም አይጎድልበትም። ቃሪያና ፓፓያ በደጁ ሲተክል ግን የሚያጓጓ ነገር በተራበ ሰው ዓይን ፊት አቆመ ማለት ነው። ያን ጊዜ አጥሩን በእሾህ ማጠናከር ወይም እጁን መዘርጋት የግድ ይሆንበታል። ክርስቲያኑና እስላሙ በጉርብትና በሚኖሩበት በወሎ ለዚህ የሚሆን ትምህርት አልጠፋም። ኦሪት ዘሌዋውያን የእርሻ ዳርቻ ለድሀና ለመጻተኛ ሳይታጨድ እንዲቀር ያዝዛል። በእስልምናም ሰው ከተከለው ተክል ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ምጽዋት ሆኖ እንደሚቆጠርለት ይታመናል።

እንግዲህ በዋጃ ጎዳና ዳር ከቡገንቪላው ሥር ቃሪያው ሲቀላ፣ ከጽጌረዳው መካከል ቆስጣው ሲለመልም፣ የጥብስ ቅጠሉ በመግቢያው ግራና ቀኝ ሲደረደር፣ ከአጥሩ ጥግም ጥንቅሽ ሲቆም የሚያይ መንገደኛ የድህነት ምልክት ያየ ሊመስለው አይገባም። የቤቱ ሰዎች የሚኖሩበትን ድካም ከእንግዳ ሳይደብቁ በክብር ቦታ አቁመውታል። ከትምህርት ቤት የሚመለስ የጎረቤት ልጅ ከጥንቅሹ አንዱን ቆርጦ ሲሄድ ከበረንዳው የተቀመጡት እናት አይተው ዝም ካሉት፣ ያ ደጅ የክብር ስሙን አላጣም።